ለእያንዳንዱ ቀፎ አንድ ቁራጭ

ስማዳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ለቀለመ ወርቅ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን በጥር ዐይንህን አይቼው የለም ወይ፣ ክረምቱም ገና ነው። እኛ ሁላችን አለን። ጥጋቡ ጉልበቱን ያመዋል፤ ቢያመውም ሞፈሩን ለልጁ አልለቀቀም። ታፈረ ካገባ ወዲህ ቁመት የጨመረ ይመስለኛል፣ ወይ እናቱ እኔ አጥሬያለሁ።

ደብዳቤህን ከደብረ ታቦር የተመለሰ ጨው ነጋዴ ወገዳ ገበያ ላይ ሰጠኝ። ፖስታው ዝናብ አግኝቶት ስሜ ግማሹ ጠፍቷል። ሰውየው «አሰለፍ የሚባል ወንድ ታውቂያለሽ?» ቢለኝ «እኔው ነኝ» ብዬ ከእጁ ቀማሁት። ገበያተኛው ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ነፍሱን ይማረውና አባታችን መሪጌታ ፊደልና ዳዊት ባያስቆጥረኝ ኖሮ ይኸኔ ያንተን ጽሕፈት ለማስነበብ የሰው ደጅ እጠና ነበር።

አስቀድመህ የጠየቅኸኝ የየሻረግን ነገር ነው። ልክ ነህ፤ ለታፈረ የመረጥካት አንተ ነህና። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ስትማር የቄስ ደጉ ቤት ቁራሽ ከልክሎህ እንደማያውቅ፣ ልጃቸውም ለእኛ እንደዚያው ሆናልናለች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው ብለው ሰጡን፤ ሥራዋ ግን የሠላሳ ነው። ዝም ብላ ታያለች፤ ካየች በኋላ ትናገራለች፤ የተናገረችው ደግሞ ልክ ይሆናል። ይኸ ብቻ አንዳንዴ ያስደነግጠኛል። እግሯም እርጥብ ነው። በገባች በሳምንቷ ላሟ ሴት ጥጃ ወለደች። ጎረቤታችን ጌጤ «አንቺ አሰለፈች፣ ምራትሽን አንድ ሳምንት አውሽኝ፤ የኔም ላም ወሯ ገብቷል» ብላ አሳቀችን።

ስጦታዬን ምን አደረግሽው ላልከኝ፣ ያ በሣጥን ታቅፈህ ያመጣኸው የፈረንጅ ንብ የሠራው የማር እንጀራ ሠርገኛውን ሁሉ አላስደነቀም ወይ! በገመድ የተለካ እርሻ መስሎ ቀጥ ያለ ነው። ማሩን ሙሽሮቹ ቀመሱት። ሰሙን ማቅለጥ ግን አሳዘነኝ። ጥጋቡ «ለአንዱ ቀፎ ስጪው፣ ንቦቹ ይሥሩበት» አለ። እኔ ደግሞ ዐሥራ አራት ቀፎ ባለበት ግቢ ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን ብነሣ ደስ አላለኝም። በሠርግ ቤት አንዱ በልቶ አንዱ አይቶ አይሄድም። በቢላዋ ቆራረጥኩና ለእያንዳንዱ ቀፎ አንድ አንድ ቁራጭ ከውስጥ ለጠፍኩለት። ለጌጤና ለሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ለቀፏቸው እንዲሆን የሠርግ በረከት ብዬ ላክሁላቸው። ከማሳው ዳር ወይራው ላይ የተሰቀሉት ሁለቱ ብቻ ሳይደርሳቸው አለቀ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ወደዱት ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ ሲተራመሱበት ነበር። አሁን እንጃ። ከደብረ ዘይት በዓል ወዲህ ከጣራው ሥር ካሉት ከሁለቱ ቀፎዎች በታች መሬት ለመሬት የሚድኹ ንቦች አያለሁ። ክንፍ እያላቸው አይበሩም፤ ሆዳቸው ተነፍቷል። ጥጋቡ «ጠግበው ነው» ይላል። ጠግቦ የሚድኽ እሱ ነው እንጂ ንብ አይቼ አላውቅም። አንተ ከእርሻ ጣቢያው ከንብ ቤት ነህና፣ ይኸ ነገር ምን ይባላል?

እኅትህ አሰለፈች


ሸዋ፣ ግንቦት 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእታለም ለአሰለፈች፤

ጤና ይስጥልኝ እታለም። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልሱ ስላጠረ አትቀየሚኝ። ከንብ ቤቱ አንሥተው ወደ ምርመራው ክፍል አዛውረውኛል፤ ጠርሙስና መስተዋት አጥባለሁ፣ አልፎ አልፎም ፈረንጁ በአጉሊ መነጽሩ እንዳይ ይፈቅድልኛል።

አሁን የምልሽን አድርጊ፤ ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ከሚድኹት ንቦች ሃያ ያህል ለቅመሽ በክብሪት ሣጥን ላኪልኝ። ከእንግዲህ ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው ምንም አታዛውሪ። ቀፎ ቢሞት ሰሙን ለሰው አትስጪ። እኔ ካመጣሁት የተረፈ ካለ አቃጥይው። ለሁሉም አካፈልኩ ብለሻል። ለሁሉም? ለጌጤም?

ምን ይባላል ላልሽው፣ አላውቅም።

ጥጋቡንና ታፈረን ሰላም በይልኝ። የሻረግን አደራ። ለቄስ ደጉ «እኅቴ ከልጇ ለይታ አታያትም» ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ቀለመ ወርቅ


ስማዳ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም፤

ክረምቱ እንደምን ይዞሃል? እዚህ ዝናቡ ቀን ከሌት አይልም፤ ወረቀቱ ራሱ ረጥቦ ቀለሙን ይጠጣብኛል፤ ፊደሌ ቢያብጥ እኔን አትማኝ።

ሃያ ብትልም ሠላሳ ንብ ልኬልሃለሁ። መንገድ ላይ የሚጎድል አይጠፋም። የተረፈ የማር እንጀራ አለ ወይ ላልከኝ፣ ፍርፋሪም የለ። ለጌጤም ወይ ላልከኝ፣ አዎን ለጌጤም። ደግሞ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ ትለኛለህ! «ለምን» ማለትን በጀርባዬ አዝዬ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም ወይ?

ዘጠኙ ቀፎ ዝም ብሏል። ጆሮዬን ብለጥፍ ባዶ እንስራ ነው። የቀሩትም ሦስቱ በራፋቸውን አቆሽሸውታል፤ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን መጠቅለያ መስሏል። ንብን የመሰለ ንጹሕ ፍጥረት! በወይራ አጠንናቸው፣ ጠበል ረጨንባቸው፣ ቀፎውን በአዲስ እበት ለቀለቅሁት። ምንም አልሆነ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ በየዓመቱ ሰም የምናገባው እኛ መሆናችንን ታውቃለህ። ዘንድሮ ቄሰ ገበዙ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ደወሉ ያዞራሉ።

ጥጋቡ ምን ይላል ብትለኝ፣ ጥጋቡ ደብተራ አስጠራ። ደብተራው መጽሐፉን ገልጦ ጥቂት ካነበነበ በኋላ «ዘንድሮ ወደዚህ ግቢ የገባ አዲስ እግር አለ ወይ?» አለ።  ሁላችንም ዐይናችን የሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው።

የሻረግ ደኅና ናት። ወላጆቿን ልትጠይቅ ጋይንት ሄዳለች። ትቆይ ይሆናል።

ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይመስላል። አረሙ በዝቶ ወገቤን ቆርጦኛል እንጂ።

እኅትህ አሰለፈች


ሸዋ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ሃያ ሰባቱ ንቦች ደርሰዋል። ፈረንጁ የአንዷን አንጀት አውጥቶ በጠብታ ውኃ ፈጨውና በመስተዋት ላይ አስተኛው፤ ከዚያ «ና እይ» አለኝ። እታለም፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? የተወቀጠ ገብስ በአውድማ ላይ ተበትኖ በጸሐይ ሲያበራ ገምቺ። ፍሬ ብቻ፣ ፍሬ በፍሬ ላይ። እያንዳንዱ ከዱቄት ብናኝ እጅግ ያነሰ ነው፤ መነጽር ከሌለ ዐይን አያየውም። የሚኖረው በንቧ አንጀት ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነው። እዚያው ይዘራል፣ እዚያው ይታጨዳል፤ ንቧ ብትበላም አይጠቅማትም። ስትታመም የምትጥለው ቆሻሻ ሌላዋን ይይዛል። ከሻጋታ ወገን ነው፣ አይ ከሕይወት ካላቸው ተንቀሳቃሾች ወገን ነው እያሉ ሁለት ሊቃውንት እዚህ ሲከራከሩ ሰማሁ። ለእኛ የሚበጀን ይኸ ነው፤ ሕመም ነው። የማንም እግር አላመጣውም።

መነጽር የለኝም ትያለሽ፤ አያስፈልግሽም። የንቧን ራስ በአንድ እጅሽ ያዢ፤ ጭራዋን በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ አንጀቷ ተከትሎ ይወጣል። የጤነኛዋ ጠይም ነው። የታመመችው ነጭና ያበጠ ነው። የሞቱትን ቀፎዎች ከነሰማቸው አቃጥሉ።

ከየት ገባ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አይታወቅም። ነፋስም ያመጣው ይሆናል።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። በሐምሌ፣ በአረም ጊዜ፣ ወንዝ ሞልቶ እያለ ሙሽራ ለጥየቃ ትሄዳለች?

ቀለመ ወርቅ


ስማዳ፣ መስከረም 25 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። ለጥየቃ አልሄደችም። እኛ ነን የሰደድናት። የዋሸሁህ አንተን ፈርቼ አይደለም፤ ቄስ ደጉ በትከሻህ ላይ ሆነው የሚያነቡ ስለ መሰለኝ ነው።

 ደብተራው በሄደ በአራተኛው ቀን ጥጋቡ «ልጅቱ እግረ ደረቅ ናት» አለ።

«ላሟስ?» አልኩት።

«ጥጃዋ በሰኔ ሞታ የለ?»

እውነቱን ነው፣ ሞታለች። ግን ገደል ገብታ ነው የሞተችው። «ገደል የሚከት እግር ነዋ!» አለኝ። ሰው አንዴ ከጀመረ ያለፈውን ሁሉ መልሶ ይለቅማል። በሠርጉ ቀን የተሰበረ ብርሌ ሳይቀር ተለቀመ።

የሄደችው ሐምሌ አምስት፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ነው። ሽማግሌ አልተቀመጠም፣ ፍች አልተባለም። «እናትሽን ጠይቂና ነይ» አልናት። ገብቷታል። ቀሚሷን ጠቅልላ በሩ ላይ ቆመችና ዐይን ዐይኔን እያየች «እማዬ፣ ስመለስ ምን ላምጣልዎት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «በደኅና ተመለሽልኝ እንጂ ሌላ ምን እሻለሁ» አልኳት። እንዲህ ያለ አፍ አለኝ። ታፈረ እስከ ወንዙ ሸኝቷት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በአባቱ ፊት አይበላም።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከወይራው ቀፎ አንዲት፣ ከጣራው ሥር ከተረፉት አንዲት ያዝኩና እንዳልከኝ ሳብኩ። ወጣ። የወይራዋ እንደ ቆሎ ጠይም፤ የጣራዋ እርጎ ውስጥ የተነከረ ፈትል። ከየወገኑ ዐሥር ዐሥር አደረግሁ። ያው ነው። ጥጋቡን ጠርቼ በመዳፌ ላይ አሳየሁት።

«የንብ አንጀት አይተሽ ሰው ልትመልሺ ነው?» አለኝ። ግን ቁጭ ብሎ እሱም አንዲት ሳበ። ከዚያ ሌላ ሳበ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

የከፋውን አልነገርኩህም። የጌጤም ንቦች አልቀዋል፤ የሠርጉ በረከት የደረሳቸው የሌሎቹ የሁለቱ ቤቶችም እንደዚያው። እነሱም የእኛን አይተው በየቤታቸው አዲስ እግር ፈለጉ። የጌጤ ምራት በነሐሴ ተሰደደች። ከሁለቱ ቤቶች የአንደኛውም ሙሽራ ሄደች። የሌላኛው ቤት ሴትማ ሙሽራም አይደለች፣ ሦስት ዓመት ኖራለች፤ አዲስ ሰው ቢያጡ እሷን አዲስ አደረጓት። ጌጤን አግኝቼ «ምነው ጌጤ፣ እንዲያ የምትወጃትን?» ብላት፣ «አንቺ የቄስ ልጅ ስታባርሪ፣ እኔ የማንን ልጅ ልፍራ?» አለችኝ።

አራት ቤት ነው ቀለመ ወርቅ። በመካከላችን የሌላ ሰው ቀፎ ሞልቷል፤ አልተነካም። ነፋስ ነው ትለኛለህ። በር እየመረጠ የሚገባ ነፋስ ምን ዓይነት ነው? ጥጋቡ ለጥር ለታፈረ ሌላ ልጅ ማስጠየቅ ጀምሯል፤ ከዚያ በፊት የሻረግን መመለስ አለብኝ። በሽማግሌ ፊት ነፋስ ነው ብል ይስቁብኛል። እውነቱን ስጠኝ።

አሰለፈች


ሸዋ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ነፋስ እንዳልሆነ ሳታውቂው አልቀረሽም። በእጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አምና በታኅሣሥ፣ ገና ንብ ቤት ሳለሁ፣ ከፈረንጆቹ ቀፎዎች አንዱ ታመመ። ፈረንጁ በመነጽሩ አየና ዐሥሩንም የማር እንጀራ ሰጥቶኝ «አቃጥል፤ አንድም እንዳይቀር» አለኝ። ዘጠኙን አቃጠልኩ። ዐሥረኛው ማር የሞላበት ነበር። እንዲያ ያማረ ነገር እንደ ገለባ ሲነድ ማየት አልቻልኩም። ደግሞም የታፈረ ሠርግ አንድ ወር ቀርቶት ነበር፤ ከሸዋ ድረስ ባዶ እጄን ልመጣ ነበር። የማላየው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ከመሪጌታ ልጅ ይልቅ ፈረንጅ ያውቃል ወይ ያልኩ ይመስለኛል፤ እንዲያ ነበርኩ።

የሚያዝያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ «ለእያንዳንዱ ቀፎ አንድ አንድ ቁራጭ» ከሚለው ላይ ስደርስ አወቅሁ። ንቦቹን ላኪልኝ ያልኩሽ ለማወቅ አልነበረም። ሌላ ሕመም ሆኖ ባገኘው ብዬ ነው። የግንቦቱን ደብዳቤ ስጽፍ እውነቱን ብጽፈው ኖሮ ሰኔ ሳያልቅ ይደርስሽ ነበር፤ የሻረግም ከቤቷ አትወጣም ነበር። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ ከዚያ የማመልጥበት መንገድ የለም።

ይቅር በዪኝ። ይህን ወረቀት ለወደድሽው ሰው አንብቢው። ስሜን አትዝለዪው።

ቀለመ ወርቅ


ስማዳ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ቀለመ ወርቅ፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ጤነኛ ብትሆን ግን ደስ ይለኛል።

ይቅር በዪኝ ብለሃል። ይቅር የሚባልበት ወንበር ላይ ብቀመጥ ኖሮ እል ነበር። አንተ የሸሸግኸውን አውጥተሃልና እኔም የሸሸግሁትን ላውጣ። ያሰደዳት እግሯ ነው ብዬህ ነበር። እግሯ አይደለም።

በሰኔ፣ ቀፎ ስለቀልቅ፣ የሻረግ እበቱን እያቀበለችኝ፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር ብናገር ይቆጡኛል?» አለች።

«ተናገሪ ልጄ።»

«የሚሞቱት ያ የሠርጉ ቁራጭ የገባባቸው ናቸው። ያልደረሳቸው የወይራዎቹ ሁለቱ ደኅና ናቸው። እትዬ ጌጤም ቤት ሄጄ አየሁ፤ እንደዚሁ ነው።»

እጄ ላይ እበቱ ደረቀ። «ወንድሜ መርዝ አመጣ ነው የምትይው?» አልኳት።

«የመጣውን ነው ያልኩ፤ ያመጣውን አላልኩም» አለችኝ፣ ረጋ ብላ።

መርጋቷ ነው ያናደደኝ። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ በስድስት ወሯ፣ እኔ በሃያ አምስት ዓመት ያላየሁትን በግቢዬ ውስጥ ስታይ! ደግሞ አንተን፣ ከቤታችን አንድ የተማረውን! በቍራጩ ላይም የኔ እጅ አለበት። «ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳይወጣ» አልኳት። ዳግመኛም አልተናገረችም። እኔ ግን እያየችኝ የሚመስለኝ ሆነ፤ ውኃ ስቀዳ ታየኛለች፣ ወጥ ስቀምስ ታየኛለች።

ጥጋቡ ደብተራ አስጠራ ብዬህ ነበር። ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ሳይገባ በፊት በራፉ ላይ አግኝቼ «በጥር ምራት አስገብተናል» ብዬ በጆሮው ያደረስኩም እኔ ነኝ። መጽሐፉን የገለጠው ከዚያ ወዲያ ነው። እሷ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ሰምታኝ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

ደብዳቤህን ኅዳር ጽዮን፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ደጀ ሰላሙ ፊት አነበብኩት። ቄሰ ገበዙ «ስጪኝ እኔ ላንብበው» ቢሉኝ «የኔም ኃጢአት አለበትና እኔው ላንብበው» አልኳቸው። ስምህን አልዘለልኩም። ካነበብኩ በኋላ የሰኔውንም የደብተራውንም ጨመርኩበት። ጥጋቡ ከወንዶቹ መሃል ሆኖ ሲሰማ ፊቱን አላየሁትም።

 አንዱ «ሠርገኛ ጠጅ ይዞ ሲመጣ አውቃለሁ፤ ሻጋታ በሣጥን ይዞ ሲመጣ ገና አሁን መስማቴ ነው» አለ፣ ሳቁ። ጌጤ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከዚያው ወደ ምራቷ ወላጆች መንገድ ጀመረች። ልጅቱ ተመልሳለች። የሁለተኛው ቤት ሙሽራ ለሌላ ተድራለች። ሦስት ዓመት የኖረችዋ «አዲስ ናት ብላችኋል፤ አዲስ ባል አገባለሁ» ብላ ልካባቸዋለች፤ ይበላቸው።

አንድ ሽማግሌ ግን ጠራኝና እንዲህ አለኝ፤ «ሕመም ነው እንበል፣ በመነጽር ታየ እንበል። ታዲያ ለምን እሷ በገባችበት ሰሞን ገባ? በር የሚከፍት እግር እኮ ነው።» አስበው እንግዲህ። ገብሱን ቢያሳዩት፣ አንጀቱን ቢጎትቱለት፣ እሱ የያዘውን ይዞ ነው የሚሞተው። ስንቱ እንደሱ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

የቄስ ደጉን ቤት እንዴት አገኘሽው ብትለኝ፣ ከታፈረ ጋር ሁለት ቀን ተጉዘን ነው የደረስን። ቄስ ደጉ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ደኅና መጣችሁ» አሉ። ግቡ ለማለት ግን ጥቂት ቆዩ። ወረቀትህን ጀምሬ እስክጨርስ ዐይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ሲያልቅ፣ «እዚህ ቤት ቁራሽ ሲለምን እንኳ አይዋሽም ነበር» አሉ። ሌላ ስለ አንተ አልተናገሩም፤ እኔም ጨምሬ የምነግርህ የለኝም።

የሻረግ በገበቴ ውኃ ይዛ መጣች፤ መንገደኛ ነኝና እግሬን ልታጥብ። ከስታለች። ተንበርክካ ጭቃውን በእጇ ታወርደው ጀመር። 

«የሻረግ፣ በሕዝብ ፊት ተናግሬያለሁ። ስምሽ ጸድቷል። ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች፣ ሳትቀና።

«ታፈረም ደጅ ቆሟል።»

«አይቼዋለሁ።»

ሌላውን እግሬን አነሣች። ከጣቶቼ መሃል ጭቃውን አንድ በአንድ አወጣች፤ እናቴም እንዲያ አድርጋ አላጠበችኝም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። አንድም ቃል አልለወጥኩም።

«እኔ በሰኔ የነገርኩዎትና ፈረንጁ በመነጽር ያየው ይለያያል ወይ?»

«አይለያይም» አልኳት።

«እንግዲህ ያመኑት መነጽሩን ነው። እኔን ገና አላመኑኝም። አልፈርድብዎትም። ብቻ እዚያ ቤት ብመለስ፣ ነገም አንድ ነገር ማየቴ አይቀርም። ያኔስ ማንን ያስጠሩብኛል?»

መልስ ጠበቀች። ቀለመ ወርቅ፣ በሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ለቀብርም ለሠርግም ለገበያም አለኝ። ያን ጊዜ አጣሁ። እግሬን በነጠላዋ ጠርዝ አደረቀችልኝና ገበቴውን አንሥታ ወጣች። ታፈረን አልፋው ሄደች። እራት ያቀረቡልን እናቷ ናቸው፤ ዳግመኛ ሳላያት ማለዳ ተነሥተን መጣን። ታፈረ ሁለቱን ቀን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ፤ አንድ ጊዜም አልጠበቀኝም።

ጥጋቡ ለታፈረ ሌላ ልጅ የማስጠየቁን ነገር አልተወውም። ታፈረ እሺም እንቢም አላለም። በጥር ሠርግ አለን። ና ብዬ አልጠራህም።

አሰለፈች